ከባዶ ገጽ ያነበብኳቸው ቀናት

ባለፈው ዓርብ ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ታክሲው መንገድ ስንወርድ ቤዛ ክንዴን ያዝ አድርጋ ወደ ዳር ወሰደችኝ። ቤዛ እዚህ ዮርዳኖስ፣ ሳሃብ በሚባለው ሰፈር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ልብስ የምትሰፋ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሆድ እየባሳት፣ ምግብም አልወርድ እያላት በአንድ የእርዳታ ክሊኒክ ትታያለች። እዚያ ያለችው ሐኪም የሚሰማሽን ሁሉ በየቀኑ ጻፊ ብላ ደብተር ሰጥታታለች።

«እትዬ ወርቄ፣ እርስዎ ይጽፋሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፤» አለችኝ። «እንዴት ነው የሚጀመረው? ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቀኑን እጽፍና እስክሪብቶውን ይዤ ፍጥጥ ብዬ እቀመጣለሁ። ደግሞስ የኔ ቀን ምን የሚጻፍ አለው? ሰፋሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ።»

«ዝም ብለሽ ጀምሪ፤ አንድ መስመር ከተጻፈ ሌላው ይከተላል፤» አልኳት። ታክሲው መጣና ተለያየን።

ጀበል አል-ወይብደህ ወዳለችው የኪራይ ቤቴ ስወጣ ዘጠና ሁለት ደረጃ አለብኝ። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ሁለት ሦስት ጊዜ አርፋለሁ። ያን ቀን የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ፣ ለልጅቷ የነገርኳት ነገር ውሸት መሆኑ ታወቀኝ። አንድ መስመር መጻፍ ቀላል አይደለም። እኔ ራሴ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አንዲት መስመር አጥቼ ከርሜአለሁ። የዚያን ጊዜ ያጣሁት ነገር እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ከተማ፣ ስዌፍየህ ውስጥ፣ ከሱቆቹ ጎዳና ጀርባ ባለ አንድ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሰው ቤት እሠራ ነበር። የቤቱ እመቤት ማዳም ናዲያ ትባላለች። ባሏ መሐንዲስ ሐሳን የሚውለው ሥራ ላይ ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ሊን ዐሥር ዓመቷ ነው፣ ዳና ስድስት። ወርቅነሽ ማለት ስለከበዳቸው ወርዳ ይሉኝ ነበር፤ አበባ ማለት ነው። ክፍሌ ከወጥ ቤቱ ጎን ያለች፣ ፍራሽና የመጥረጊያ ዕቃ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ቦታ ናት። ከፍራሹ ሥር ደብተሬ ነበረ።

የቀን ውሎ መጻፍ የጀመርኩት ደብረ ሲና ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አንድ የአማርኛ አስተማሪያችን «የዋላችሁበትን የማትጽፉ ከሆነ ማን ሊመሰክርላችሁ ነው?» ብለውን ነበር። ሌላው ተማሪ ሳምንት ሳይሞላው ተወው። እኔ ግን ተጠመድኩበት። እናቴ አውቶቡስ መቆሚያው ዘንድ ቆሎና ቅቅል ድንች ትሸጣለች፤ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ጉሙ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ እሱንም እጽፋለሁ። ዮርዳኖስ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ በፊት የገቡት ሦስት አዲስ ደብተሮች ናቸው። ማዳም ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል፣ ልጆቹም የቤት ሥራቸውን ሲይዙ፣ አንዲት ሰዓት አላት የኔ የምትባል። እሷን ለመጻፍ እጠብቃታለሁ። ደህና ስውል ደህና መዋሌን፣ ሲከፋኝ መከፋቴን እጽፋለሁ፤ ተጽፎ ሲያልቅ ከላዬ ላይ ሸክም የወረደ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ዓመቴን በያዝኩ በጥቅምት ወር፣ የወይራ መልቀሚያ ጊዜ ነበር። ከማዳም ቤተሰቦች እርሻ ሁለት ጆንያ አረንጓዴ ወይራ መጣና ወጥ ቤት መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ከመዘፍዘፉ በፊት እያንዳንዱን ፍሬ በድንጋይ መታ መታ አደርጋለሁ። ጭማቂው መራራ ነው፤ ጣት ያጠቁራል፣ በታጠበ ቁጥር ይበልጥ ይጣበቃል። ዳና መጣችና ያጸዳሁት ምንጣፍ ላይ ጭማቂ ደፋች። ጠረግሁ። ደግማ ደፋች። «ተይ የኔ ልጅ» ብዬ እጇን ብይዛት መታችኝ ብላ እያለቀሰች ወደ እናቷ ሮጠች። ማዳም ከእንቅልፏ ተነሥታ መጥታ ምን ሆነ ሳትል ሰደበችኝ። ከስድቡ መካከል «ሐይዋነህ» የምትለውን አስታውሳለሁ፤ አንቺ እንስሳ ማለት ነው።

ያን ቀን በጠቆረ ጣቴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ማዳም ዛሬ እንስሳ አለችኝ። እንስሳስ እሷ፤ ውሻ። ልጇም የእሷው ቢጤ ናት። ምነው ታማ አልጋ ላይ በዋለችና አንድ ቀን ባረፍኩ።»

በሦስተኛው ቀን ዳና ታመመች። ትኩሳቱ ሊበርድ አልቻለም፤ ሳንባዋን ነው ተብሎ ሆስፒታል አስተኟት። የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ገጹን ልቅደደው ብዬ ነበር፤ ግን ሥራ በዝቶብኝ ይሁን ፈርቼ፣ ሳልቀደው ቀረሁ። የማዳም እህት ሪማ ልታግዝ መጥታ ነበርና ለልጅቷ የሚሆን ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስትፈልግ ከፍራሼ ሥር ደብተሩን አገኘችው። በየገጹ አናት ላይ መስቀል አለ፤ ከሥሩ የማታውቀው ፊደል ተኮልኩሏል። ልጅቷ ደግሞ ታማለች። ጩኸቷን ከበረንዳው ሆኜ ሰማሁት።

«ሲህር ነው! ናዲያ፣ ይቺ ሴት በልጅሽ ላይ ድግምት እየጻፈች ነው!»

በማግስቱ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው፣ እኔን ከኋላ ወንበር አስቀምጠው፣ እኛ መክተብ ወደምንለው፣ ወዳስመጣኝ ቀጣሪ ቢሮ ሄዱ። ባለቤቱ ሰውየ ነገሩን ሰምቶ «የሚያነብ አለን» አለና ሰብለ የምትባል አስተርጓሚያቸውን ጠራ። ሰብለ ወፍራም፣ ቀይ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት የጎንደር ሴት ናት። ማስቲካ ታኝካለች። ስለኛ ስለ አገሯ ልጆች ደንታ የሌላት፣ ለቢሮው ያደረች ናት ብለን የምንጠላት ሴት ነበረች። ሪማ ከፌስታሉ በሁለት ጣቷ አውጥታ የመጨረሻውን የተጻፈበት ገጽ ገለጠችላት።

«ይህን አንብቢ፤ ቃል በቃል።»

የሰብለ ዐይን መስመሩን ተከትሎ ሲሄድ አየሁት። «ውሻ» የሚለው ጋ ሲደርስ አወቅሁት። «ምነው ታማ» የሚለው ጋ ሲደርስ ማስቲካው አፏ ውስጥ ቆመ። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዣለሁ። ዐረብኛውን በዚያን ጊዜ በደንብ እሰማ ነበርና የምትለውን አንድ በአንድ ጠበቅሁ።

ሰብለ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች በዐረብኛ ማንበብ ጀመረች፦ «ዛሬ ዳና ምሳዋን አልበላችም። ልቤ አላረፈም። እናቷ ስትጨነቅ ሳይ እኔም ጨነቀኝ፤ ማዳም ናዲያ ለኔ እህቴ ማለት ናት። እግዚአብሔር ልጆቹን ይጠብቅልኝ።»

«መስቀሉስ?» አለች ሪማ።

«ጸሎት ነው። ለቤቱ ሰው ጤና ትጸልያለች።» ገጽ ገለጠችና ሌላ ጨመረች፤ ስለ ሊን ፀጉር ማማር፣ ስለ ማዳም እጅ ሙያ። አንዱም አልተጻፈም። ማዳም ናዲያ እንባዋ ወረደ። ተነሥታ አቀፈችኝ፤ የሆስፒታል ሽታ ከልብሷ ላይ ይሸተኛል።

ሰብለ ደብተሩን ስታቀብለኝ ፊቷን አኮሳትራ በአማርኛ ተቆጣችኝ። ለሚያያት ስድብ ነው የሚመስለው። «ፊትሽን እንዳትለውጪ፤ አቀርቅረሽ ስሚኝ። ይህን ሌላ ሰው አንብቦት ቢሆን ዛሬ እስር ቤት ነበርሽ። የሰው ልጅ እንዲታመም ትመኛለሽ? ሁለተኛ የምታስቢውን እንዳትጽፊ።»

«ምን አልሻት?» አለች ማዳም።

«ደብተርሽን ከምትደብቂ ለማዳምሽ ብታነቢላት ይሻላል አልኳት።»

ዳና በሳምንቱ ድና ወጣች። ከመኪናው ወርዳ ደረጃውን እየሮጠች መጥታ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች። ከስታለች። ክንዷ ላይ መርፌ የተወጋችበት ቦታ ሰማያዊ ሆኗል። ያን ሰማያዊ ነገር ሳይ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያመማት ብርድ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከቤቴ ርቄአለሁ፣ የጻፍኩት ደግሞ ደርሷል።

ከዚያ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሰዓቷ ስትደርስ ደብተሩን እከፍታለሁ፤ መስቀሉን፣ ቀኑን እጽፋለሁ። ከዚያ «ዛሬ» እላለሁ። «ዛሬ ብርድ ነው።» ወዲያው ይህ በዐረብኛ ሲነበብ እንዴት ይሰማል ብዬ አስባለሁ፤ ብርድ ነው ማለት ማሞቂያ አትሰጠኝም ብላ ከሰሰችኝ ይባል ይሆን? እሰርዘዋለሁ። «ዛሬ ደህና ነኝ» ብዬ እጽፍና ደህና አይደለሁምና እሱንም እሰርዛለሁ። ውዳሴ ማርያም መገልበጥ ሞከርኩ፤ የሰው ቃል ሲሆን እጄ ይሄዳል፣ ወደ ራሴ ስመለስ ቀጥ ይላል። የሰብለ ማስቲካ ሲቆም ይታየኛል። ያዳነችኝ ሴት ናት፤ ግን ያዳነችኝ ሌላ ሰው አድርጋኝ ነው። እሷ ያነበበቻት ወርቅነሽ ከኔ ትሻል ነበር፤ ደግ ናት፣ ልጆቹን ትወዳለች። እኔ ምን ልጽፍ? ከእሷ የባስኩ መሆኔን?

ማዳም ደግሞ ያቺን ደጓን ወርዳ ወደደቻት። ከሰዓት ከእንቅልፏ ስትነሣ በመርየሚያ ቅጠል የተፈላ ሻይ አቀርብላታለሁ። አንድ ቀን ወንበር ስባ «ተቀመጪ» አለችኝ። በዚያ ቤት ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሹ ከተብቲ፣ ወርዳ? ዛሬ ስለኛ ምን ጻፍሽ?»

«ምንም፣ ማዳም።»

ፊቷ ጨለመ። «ምንም? ተቀየምሽን?»

ሄጄ ደብተሩን አመጣሁ። አዲስ ገጽ ገለጥኩ፤ መስቀልና ቀን ብቻ አለበት። ጣቴን ከባዶው መስመር ሥር አስኬድኩና ልክ እንደ ሰብለ ማንበብ ጀመርኩ። «ዛሬ ሊን በሒሳብ ጥሩ ውጤት አመጣች። ማዳም ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ አምሮባት ነበር። ዳና ዝናቡን እያየች መልአክ ፀጉሩን እየታጠበ ነው አለችኝ።» የዳናን እውነት ነበር፤ ሌላውን እዚያው ፈጠርኩት። ማዳም ሻይዋን ረስታ ታዳምጠኛለች። «በዐረብኛ እንዲህ ካማረ በናንተ ቋንቋ እንዴት ይሆን!» አለች።

እንዲህ ሆኖ ለመድነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ከባዶ ገጽ አነብላታለሁ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ የምስር ሾርባው ሳህን ሳይነሣ፣ ሪማም ባለችበት ሆነ። «የሐበሻዋ እህቴ ጸሐፊ ናት» ትላለች ማዳም ለእንግዳ። ቀጣይፍ የሚባለውን ጣፋጭ ከልጆቿ ጋር እኩል ታቋድሰኛለች፤ ሹራብ ሰጠችኝ፣ መሳደብ ተወች። ታዲያ ምን ጎደለሽ ይለኛል ሰሚ። እኔም ለራሴ እንዲሁ እላለሁ። ግን ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ስሆን ውስጤ ባዶ ቤት ሆኖ ይጮህብኛል። ጥርና የካቲት እንዲህ አለፉ። አንድ ጊዜ በረዶ ጥሎ ከተማው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሲያድር ልጆቹ ሲቦርቁ በመስኮት አያለሁ፤ ከዚህ በፊት ቢሆን ሁለት ገጽ እጽፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። ያቺ ሐሳብም ወረቀት ላይ ሳትወርድ ትቀራለች።

ማዳም ለቤተ ክርስቲያን በወር አንድ ጊዜና በበዓል ቀን ትለቀኝ ነበር። ስመለስ ከስልክ ቤት ወንድሜ ግርማ ጋ እደውላለሁ። ለገና ስደውል «እማዬ ጠበል ሄዳለች» አለኝ። ለጥምቀት «ገበያ ናት» አለኝ። የካቲት ላይ ድምፁ ሻክሮ «ጉንፋን ይዞኛል፤ እማዬ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» አለኝ። አመንኩት።

በሁዳዴ ጾም አጋማሽ አንድ ዓርብ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ይዘን ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለ አንዲት አዲስ የመጣች ሴት ትኩር ብላ አየችኝ።

«ወርቅነሽ አይደለሽም? የእማማ አስካለ ልጅ? እኔ ሙሉ ነኝ፣ ከደብረ ሲና፣ የወፍጮ ቤቱ ሰፈር።»

በደስታ ሳምኳት። እሷ ግን አንገቴን እቅፍ አድርጋ አልለቅም አለች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ለአርባቸው እኔም ነበርኩ። አገር ሙሉ ነው የወጣላቸው።»

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ነበር። «የማን አርባ?» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዳቦው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ምንም መናገር አላስፈለጋትም። እናቴ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው ያረፈችው። በነጋታው ተቀበረች። ግርማ «ባዕድ አገር ብቻዋን እንዳትረዳ፤ ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ እኛው እናረዳታለን» ብሎ ሰውን አስምሎ ነበር፤ መሐላው ሙሉ ጋ አልደረሰም። አምስት ወር ሊሞላት ነው እኮ! አምስት ወር ሙሉ እኔ ስለ ሰማያዊ ቀሚስ ሳወራ ከርሜአለሁ። ሴቶቹ ከበው አስለቀሱኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ ደረቴን ስመታ ሙሉ ከአጠገቤ «ምነው አፌን በቆረጠው» እያለች ከኔ እኩል ታለቅሳለች።

በማግስቱ ከሰዓት ማዳም ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች። ዐይኔ ማበጡን አይታ ነበር፤ ራሴን አሞኝ ነው ብያታለሁ።

«ሹ ከተብቲ፣ ወርዳ?»

ደብተሩን አመጣሁ። ባዶውን ገጽ ገለጥኩ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አደረግሁ። ደስ የሚል ነገር ልፈልግ ሞከርኩ፤ አልመጣም። «ዛሬ» አልኩ። «ዛሬ እናቴ ሞታለች። ከሞተች አምስት ወሯ ነው። ማንም አልነገረኝም። አፈር ስትለብስ አላየሁም።»

ማዳም ጮኸች። ተነሥታ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው፣ ይህን አልክድባትም። «ሐራም፣ ሐቢብቲ! አንጀቴን በላሽው፣ የኔ ውድ! እኔ አለሁልሽ፣ እኔ እህትሽ ነኝ፤» ትላለች።

እህቴ ካለችኝ ብዬ ለመንኳት። «እንግዲያው ማዳም፣ ለሁለት ሳምንት ልሂድ። መቃብሯን አይቼ፣ ከወንድሜ ጋር አልቅሼ ልመለስ።»

ቀስ ብላ እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሣች። የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ ታስተካክል ጀመር። «አሁን እንዴት ይሆናል፣ ወርዳ? በጋ ሲመጣ የሐሳን ወንድሞች ከኩዌት ከነልጆቻቸው ይገባሉ፤ ብቻዬን አልችልም። ኮንትራትሽም ገና ነው። አንዴ ከሄድሽ ትመለሻለሽ ብዬ በምን አምናለሁ? በጋው ይለፍና እናያለን፣ ኢንሻላህ።»

ሦስት ቀን ከባድ ሥራ አላዘዘችኝም። በሁለተኛው ቀን ከቁም ሳጥኗ የራሷን ጥቁር የሐር ሻሽ አውጥታ ሰጠችኝ። ራሴ ላይ አሰረችልኝ፤ ጣቷ ለስላሳ ነበር። ያ ነው የባሰብኝ። ብትሰድበኝ ጠልቻት አርፍ ነበር።

በአራተኛው ቀን ኸማሲን የሚሉት ነፋስ መጣ። ሰማዩ የእርድ ቀለም ያዘ፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል፣ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። በመስታወት በተዘጋው የጓሮ በረንዳ የትራስ ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ካውያውን አቆምኩና ደብተሩን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። መስቀል አላደረግሁም፣ ቀንም አልጻፍኩም። «ማዳም ናዲያ እህቴ አይደለችም» ብዬ ጻፍኩ።

ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። የሰብለም ድምፅ አልመጣም። ቀጠልኩ፦ «ውሻም አይደለችም። ስታለቅስልኝ እውነቷን ነው፣ አትሄጂም ስትለኝም እውነቷን ነው።» ከዚያ ስድስት ወር እጄን ጠፍሮ የያዘው መጣ፦ «ዳና እንድትታመም ተመኝቼ ነበር። ሰብለ ያነበበችው ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ።» ይህን ከጻፍኩ በኋላ እንደ ጎርፍ ወረደ። ስለ እናቴ እጅ፣ ስለ ግርማ ጉንፋን፣ ከሙሉ እጅ ስለወደቀው ዳቦ ጻፍኩ። አቧራው ወረቀቱ ላይ ይዘንባል፣ እኔ እየጠረግሁ እጽፋለሁ። የጨርቅ ማረር ሲሸተኝ ነው የነቃሁት፤ ካውያው ተንሸራቶ የትራስ ልብሱን አሳርሮታል።

ሰው ይህን ስነግረው «ስለዚህ ጽሑፉ አጽናናሽ» ይለኛል። አላጽናናኝም። እስኪጨልም አልቅሼም አልወጣልኝም። ጽሑፉ ተመለሰ፤ ከእሱ ጋር የመጣ ሌላ ነገር የለም።

እንዲያውም የባሰው በማግስቱ ነበር። እጄ መሄድ ሲጀምር ወደ ኋላ ልመልከት ብዬ ገጾቹን ገለጥኩ። ለማዳም በማነብላት ቀን ሁሉ አዲስ ገጽ እከፍት ነበርና መስቀልና ቀን ብቻ ያለባቸው ባዶ ገጾች ተደርድረዋል። የኅዳር ዐሥራ አራትን አገኘሁት። እናቴ የተቀበረችበት ቀን ነው። ቀኑ በኔ እጅ ጽሕፈት፣ ጥርት ብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ምንም የለም።

ያን ዕለት ምን እየሠራሁ ነበር? ግቢያችን ሰው ሞልቶ እሪ ሲል እኔ መስኮት እያጠብኩ ነበርን? ስቄ ነበርን? ረመዳን ስለነበር ወደ ማታ ምስር መቀቀሌ አይቀርም፤ ግን ይህ ግምት ነው። ገጹ ካለ ደግሞ ያን ቀን ለማዳም አንብቤላታለሁ ማለት ነው። ምን እንዳነበብኩላት አላስታውስም። ደስ የሚል ነገር እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ። ማዳምን ጠየቅኋት። ዳናን ጠየቅኋት። «እንደማንኛውም ቀን ነበር» አለች ማዳም።

ሻይ ላይ ዳግመኛ ስትጠይቀኝ «ከእንግዲህ አላነብም፣ ማዳም፤ ለራሴ ነው የምጽፈው» አልኳት። ዐየት አደረገችኝና ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ሳሎን ሄደች። ወንበሩም ከዚያ በኋላ አልተሳበልኝም። አገሬ የገባሁት ከዓመት በኋላ ነው። የእናቴ መቃብር ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ሰብለን ላመሰግናት አስቤ መክተቡ ሄድኩ፤ ከወጣች ቆየች አሉኝ፣ የሄደችበትን የሚያውቅ የለም።

ይኸው አሁን ተመልሼ፣ በሰዓት እየተከፈለኝ የሰው ቤት እያጸዳሁ፣ በዚሁ ከተማ አርጅቻለሁ። ባለፈው ዓመት ስዌፍየህ ውስጥ አንድ ሱቅ አትክልት ስመርጥ አንዲት ከዘራ የያዘች ሴት «ወርዳ?» አለችኝ። ማዳም ናዲያ ናት። ሐሳን ሞቷል። ሊን ካናዳ፣ ዳና ጀርመን ናቸው፤ ዳና ከአባቷ ቀብር ወዲህ አልመጣችም። እጄን ይዛ አልለቅም አለች።

«ያ ደብተር አለሽ?»

«አለ፣ ማዳም።»

«እንዳትጥዪው፣ ሐቢብቲ። እኔ ሁሉን እየረሳሁ ነው። የልጆቼ ልጅነት አንቺ ጋ ነው ያለው።»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ቲማቲሟን መርጬ በፌስታል አስገባሁላት፤ እስከ ታክሲው ሸኘኋት።

ለቤዛ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ የታመመ ሰው ላይ ሌላ ሸክም አይጨመርም። ስታገኘኝ ግን አንድ ነገር እነግራታለሁ። ሰፋሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ የሚለውን እንደ ምንም እንዳታየው። እኔ ስለዚያች የኅዳር ቀን እንዲህ የምትል አንዲት መስመር ብትኖረኝ፣ ወለል ጠረግሁ፣ ምስር ቀቀልኩ የምትል፣ የቀረኝን ዕድሜ ከእሷ ጋር እኖር ነበር። የለችኝም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳልጽፍ አላደርኩም፤ ደብተሮቹ ሁለት ካርቶን ሞልተዋል። ያቺን አንዲት ገጽ ግን አንዳቸውም አይሞሏትም።